እትዬ ትንሽ ይብሰል እና የማይጣበቀው መኮሮኒ

ችግሩ አንድ ማክሰኞ ጠዋት የምግብ አዳራሹ በር ላይ ተንጠልጥሎ ተገኘ።

መዳፍ የሚያካክሉ ሁለት የጣውላ ቁራጮች ናቸው። ፊት ለፊት ተጣብቀው በሲባጎ ተሰቅለዋል። በላያቸው በአናጢ እርሳስ «የሰኞ ፓስታ ነው፤ ሌላ ኮላ አልተጨመረበትም» ተብሎ ተጽፏል። ቦታው ሰማንያ ሰው የሚሠራበት የቤት ዕቃ ማምረቻ ስለሆነ ስለ ኮላ የማያውቅ የለም። የትኛው እንጨትን ጠበቅ አድርጎ እንደሚይዝ፣ የትኛው እርጥበት ሲነካው እንደሚለቅ ሁሉም ይለያል። እናም ጠዋት የገባው ሁሉ በየተራ ጣውላዎቹን ሊያላቅቅ ታገለ። አንዱ በእጁ ጠመዘዘ፤ ሌላው ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተጫነ። ወይ ፍንክች!

«ይሄ እያለልን ነው እንግዲህ ኮላ በበርሜል የምናስመጣው?» አለ የቀለም ክፍሉ ሰው። ቀኑን ሙሉ ቫርኒሽ ሲረጭ ስለሚውል ስሙም «ቫርኒሽ» ሆኖ ቀርቷል። ጣውላውን ማን እንደሰቀለው የጠየቀ አልነበረም፤ መልሱ ፊቱ ላይ ተጽፏል።

ሳቁ ሳይበርድ ምግብ አብሳይዋ ከታናሽ እህቷ ጋር ደረሰች። ቁልፉን በእጇ እንደያዘች ቆማ አነበበች። ከዚያ ጣውላዎቹን ከሲባጎው ፈትታ እሷም በተራዋ ሳበቻቸው። አንላቀቅም አሉ።

«በደንብ ይዟል» አለች። ይዛቸው ገባችና ድስት ባማሰለች ቁጥር እንዲታዩዋት ከምድጃው በላይ ያለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠቻቸው።

እህቷ ግን እንደሷ አልቻለችም። «ቆይ ብቻ! ነገ ሳህኑ ላይ ሚስማር ነው የምነሰንስለት!»

«ተይው። ልክ ነው እኮ።»

«ምኑ ነው ልኩ?»

«ፓስታው ነዋ። ይጣበቃል።»

ይህች ሴት በዚያ ወጥ ቤት ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። እውነተኛ ስሟ የሚገኘው በሠራተኞች መዝገብ ላይ ብቻ ነው። ለተቀረው ዓለም እሷ «እትዬ ትንሽ ይብሰል» ናት። ስሙን ያወጣላት የገዛ አፏ ነው። ሰው በወጥ ቤቱ መስኮት አንገቱን አስግጎ «እትዬ፣ ደረሰ?» ሲላት መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ትንሽ ይብሰል።» ሩዙ ደርሶ፣ ምስሩ ደርሶ፣ ድንቹ ማንኪያ ሲነካው እየተናደ እንኳ፣ «ትንሽ ይብሰል።»

ለዚህ ምክንያት አላት። ምክንያቷም እዚያው አጠገቧ ቆማ ሽንኩርት የምትከትፈው እህቷ ናት። በልጅነታቸው እናታቸው ሥራ ውላ ስለምትመጣ ምድጃው የታላቂቱ ነበር። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች ቀይ ቦሎቄ ጥዳ፣ ታናሿ «ራበኝ፣ ራበኝ» እያለች ስትነዘንዛት ሳይደርስ አወጣችላት። ሕፃኗ ሦስት ቀን ሙሉ አስመለሳት። ሐኪሙ «ያልበሰለ ቦሎቄ ነው» ብሎ ነገሩን በአንድ ቃል ጨረሰው። ታናሽየዋ ዳነች፤ ዛሬ ከታላቋ ይልቅ ደልደል ያለች ናት። ታላቂቱ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ምንም ነገር በልቧ በስሎላት አያውቅም።

ለቦሎቄ ይህ ጥንቃቄ ወርቅ ነው። ቦሎቄ ሰዓት ቢጨመርለት አመስጋኝ እንጂ አኩራፊ አይደለም። ፓስታ ግን ሌላ ፍጥረት ነው፤ ሁለት ደቂቃ ካለፈው ይቀየማል። የተቀየመ ፓስታ ደግሞ ምን እንደሚሠራ ቫርኒሽ በሁለት ጣውላ አሳይቷል።

በዚያው ቀን ከምሳ በኋላ ሥራ አስኪያጁ ወደ ወጥ ቤቱ መጣ። ደግ ሰው ነው፤ ክፉ ወሬ ይዞ ሲመጣ ግን መነጽሩን የመጥረግ ልማድ አለው። ያን ቀን ገና ከበሩ እየጠረገ ገባ።

«እትዬ፣ የሚመለሰውን ሳህን አይተውታል?»

«የማጥበው እኔ አይደለሁ እንዴ?»

«ዓሣው ተበልቶ ያልቃል፣ ምስሩ ያልቃል፤ ፓስታው ግን እንዳለ ይመለሳል። ሰዉ ከውጭ በሳጥን ታሽጎ የሚመጣ ምሳ ይምጣልን ብሏል። የዛሬ ሦስት ሳምንት ዓርብ የእርስዎንና የሳጥኑን ጎን ለጎን እናቀርባለን። ሠራተኛው እጁን አውጥቶ ይመርጣል።»

«ሳጥኑ ካሸነፈስ?»

መነጽሩን እንደገና ጠረገ። «ይሄ ክፍል የእጀታና የማጠፊያ መጋዘን ይሆናል። ለእናንተ ጽዳት ክፍል ቦታ አይጠፋም።»

«ወጥ ቤቴ የማጠፊያ መጋዘን!» አለች እትዬ። እህቷ ቢላዋውን አስቀመጠች። ከዚያ እትዬ እጇን በሽርጧ ጠረገችና «ሦስት ሳምንት ብዙ ነው» አለች። «ይበቃናል።»

ነገሩ እዚህ ላይ ነው የሚጣፍጠው! ሌላ ሰው ቢሆን ወይ ያለቅሳል፣ ወይ ከቫርኒሽ ጋር ይጣላል። እሷ ግን ቁጭ ብላ ችግሩን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በልጣጭ ገፈፈችው።

ወጥ ቤቱ ሦስት ምድጃ አለው። ዋናው ምግብ ሁለቱን ይይዛል። ሰኞ ዓሣ ነው፣ ማክሰኞ ምስር፣ ረቡዕ የተድቦለቦለ የተፈጨ ሥጋ፣ ሐሙስ እንቁላል፣ ዓርብ ዶሮ። ለአጃቢው የሚተርፈው አንድ ምድጃ ብቻ ስለሆነ ቶሎ የሚደርስ ነገር ያስፈልጋል፤ ከፓስታ የሚፈጥን የለም። ስለዚህ ፓስታው ይቆያል። መቀየር ያለበት አሠራሩ ነው። ከአምስቱም ቀን ምግብ ጋር የሚስማማ፣ አትክልት የበዛበት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጊዜ የሚችል መሆን አለበት፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው ፈረቃ ስድስት ሰዓት ላይ ሲበላ ሁለተኛው ሰባት ተኩል ላይ ነው የሚመጣው። ያ ሁሉ ሳህን የሚመለሰው ከሁለተኛው ፈረቃ ነበር።

«አጃቢ ማለት እንደ ሚዜ ነው» አለች ለእህቷ። «ከሙሽራው በላይ ከጨፈረ ሰርጉ ተበላሸ። ጥግ ይዞ ካኮረፈም ተበላሸ።»

«የኛ ሚዜ እኮ ሙሽራው ላይ ተለጥፎ አልለቅም ያለ ነው፣ እታለም።»

ሁለቱም ሳቁ። ማታ ወደ ቤት ሲሄዱ እትዬ ከተረፈ እንጨት ክምር ውስጥ አንድ የክንድ ርዝመት ያለው ሳንቃ አነሳች። በማግስቱ ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። በአናጢ እርሳስ «አንድ» ብላ ጻፈችበት። ሙከራው ተጀመረ።

አንድ፣ የመቀቀያው ውሃ ላይ ዘይት ጨመረች። ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚመክረው። ዘይቱ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ቀረ፤ ፓስታው ከሥር እንደ ድሮው ተቃቀፈ። ሁለት፣ ቀቅላ በቀዝቃዛ ውሃ አጠበችው። ይህኛው ለግማሽ ሰዓት ሸወዳት፤ አልተጣበቀም። ነገር ግን ነጭ ሽንኩርቱም ዘይቱም ከላዩ ተንሸራቶ ሳህኑ ሥር ተጠራቀመ፤ ፓስታው እንደታጠበ ሕፃን ንጹሕ ሆኖ ጣዕም የለሽ ቀረ። ሦስት፣ ረጅሙን ፓስታ ትታ ጠመዝማዛውን መኮሮኒ አመጣች። ረጅሙ እንደ ጸጉር ስለሚቋጠር አትክልቱን ወደ ዳር ይገፋዋል። ጠመዝማዛው ግን በየጥምዝምዙ ትንንሽ አተር ይይዛል! ይህን ስታይ እጇን አጨበጨበች። ከሦስት ጀምሮ ፓስታ የሚባል ቀረ፤ መኮሮኒ ሆነ።

ነገር ግን መኮሮኒውም ተጣበቀ።

ለምን? የደብተር ሽፋን ለመለበጥ ዱቄት በውሃ አፍልተው ሙጫ የሚሠሩ ልጆች መልሱን ያውቁታል። መኮሮኒ ዱቄት ነው። ሙቅ ውሃ ውስጥ በቆየ ቁጥር ዱቄቱ ከላዩ እየሟሟ ይወጣል፤ ሙጫ ይሆናል። ብዙ ከበሰለ ብዙ ሙጫ። ቫርኒሽ አላጋነነም፤ ባለሙያ ነው፣ ኮላ ሲያይ ያውቃል። እትዬም ይህን ሳትረዳ አልቀረችም። ያልገባት ሌላ ነገር ነበር። ከምድጃ ስታወርደው መልካም የነበረ መኮሮኒ ሰባት ተኩል ላይ ስትከፍተው ለምን ይፈርሳል? እሳት የለ፣ ውሃ የለ፣ ማን አበሰለው?

መልሱን ያገኘችው እንጨት መካከል ነው።

ከወጥ ቤቱ ጓሮ እርጥብ ሳንቃ የሚደርቅበት ትልቅ መጠለያ አለ። የዚያ ክፍል ኃላፊ በዕድሜ የገፉ አናጢ ናቸው። ሁሉም «ውሃ ልክ» ይሏቸዋል፤ ያ ውስጡ አረፋ ያለበት መለኪያ ከኪሳቸው አይለይም። ምሳ ሲበሉ እንኳ ጠረጴዛው የተዛነፈ ከመሰላቸው ያወጡና ይለኩታል። በሙከራ ሰባት ማግስት እትዬ የአትክልት ልጣጭ ልትደፋ ወጥታ ቆም ብላ አየቻቸው። ሳንቃ ይደረድራሉ። በእያንዳንዱ ሳንቃና ሳንቃ መካከል ጣት የምታህል ቀጭን እንጨት ያስገባሉ።

«ጋሼ፣ ለምንድን ነው በየመሃሉ እሷን የሚያስገቡት?»

«ነፋስ እንዲገባ ነዋ፣ ልጄ። እርጥብ ሳንቃ ደርበሽ ከቆለልሽው እርስ በርሱ ያልበዋል። ይሻግታል፣ ይጣመማል። እንዲህ ከሆነ ግን እያንዳንዱ ለብቻው ይተነፍሳል።»

«ተቆርጦ ካለቀ በኋላም ይጣመማል?»

ሽማግሌው ሳቁ። «እንጨት ስለተቆረጠ ሥራውን የጨረሰ መሰለሽ? ገና መጀመሩ ነው! እኛ የምንሰነጥቀው ዛሬ ያለበትን ሳይሆን ነገ የሚደርስበትን አስበን ነው።»

እትዬ የልጣጩን ባልዲ እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

«ጋሼ… መኮሮኒም ከወረደ በኋላ ይበስላል።»

«እሱን እንኳ የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

«አላውቅም ነበር! አሥራ ዘጠኝ ዓመት አላውቅም ነበር!» ብላ ባልዲውን እዚያው ጥላ ሮጠች። ውሃ ልክ ልጣጩንም እሷንም እያፈራረቁ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ነገሩ ቀላል ነው፤ ለዚህም ነው የሚያስደስተው። ትልቅ ድስት ሙሉ መኮሮኒ ተንጠፍጥፎ ክዳን ሲገጠምበት ልክ እንደ ተቆለለ እርጥብ ሳንቃ ነው። ሙቀቱ መውጫ የለውም። ሁሉም የጎረቤቱን ላብ እየጠጣ፣ በዝምታ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ይበስላል። መፍትሔውም ከመጠለያው ተቀዳ። ሰፋፊ ዝርግ ትሪዎች ተፈለጉ። መኮሮኒው ከውሃው እንደወጣ ትሪው ላይ ስስ ሆኖ ተዘረጋ። ጥቂት ዘይት ተርከፈከፈበት። በሰፊ ማማሰያ ቀስ እየተገለበጠ በሩም መስኮቱም ተከፍቶ ነፋስ መታው። እያንዳንዱ መኮሮኒ ለብቻው ተነፈሰ!

አንድ ነገር ግን ቀርቷል፤ እሱም ከሁሉ የከበደው ነው። ነገ የሚደርስበትን አስቦ ለመቁረጥ መኮሮኒው ሙሉ በሙሉ ሳይበስል መውጣት አለበት። ሲነከስ ልቡ ላይ የስፌት መርፌ ጫፍ የምታህል ነጭ ነጥብ ስትታይ፣ ያኔ። ማሸጊያው ላይ አሥር ደቂቃ ይላል፤ እሷ ግን በሰባት ደቂቃ ማውጣት አለባት ማለት ነው።

ሙከራ ስምንት ላይ ሰባተኛው ደቂቃ ደረሰ። እትዬ ማጥለያውን አነሳች። እጇ አየር ላይ ቆመ።

«አውጪው» አለች እህቷ።

«እሺ።»

«እታለም፣ አውጪው!»

«እሺ አልኩ እኮ… ትንሽ ይብሰል።»

አሥራ አንድ ደቂቃ ሆነ። ስምንትም ተጣበቀ። ዘጠኝም እንዲሁ። ሰበቡ የተለየ አልነበረም። አእምሮዋ ገብቶታል፤ እጇ ግን አሁንም የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ እጅ ነው፤ ከጎኗ የታመመች ሕፃን ተኝታለች።

አሥረኛው ላይ እህቷ ማጥለያውን ነጠቀቻት። «ስሚኝ። በቦሎቄው የታመምኩት እኔ ነኝ አይደል? እንግዲህ የምፈርደውም እኔ ነኝ። ከዛሬ ጀምሮ የምነክሰው እኔ፣ "ይውጣ" የምለው እኔ። አንቺ ማውጣት ብቻ!»

«ብትታመሚስ?»

«በመኮሮኒ የሞተ ሰው ስም ጥሪልኝ!»

ሰባተኛው ደቂቃ ሲደርስ እህቷ አንድ አውጥታ ነከሰች፣ ነጯን ነጥብ አየች፣ «ይውጣ!» ብላ ጮኸች። ድምፁ እስከ መሰንጠቂያው ክፍል ተሰማ። እትዬ ዓይኗን ጨፍና አወጣችው። ሰባት ተኩል ላይ አንዱን ሲነክሱት ነጥቧ የለችም። መኮሮኒው በራሱ ጊዜ፣ በራሱ ሙቀት፣ ልክ በልክ በስሎ ጠበቃቸው። አንዱ ከሌላው አልተጣበቀም። እትዬ ሳንቃው ላይ «አሥር» ከሚለው አጠገብ ትልቅ ክብ አደረገችበት። ከዚያ አለቀሰች፤ ሽንኩርት አልነበረም።

አሁን አትክልቱ ቀረ። ይህም የራሱ ጣጣ ነበረው። በፊት ሁሉንም በአንድ ድስት ከትታ ታማስለው ነበር። ካሮቱ ገና ሲጠነክር ዝኩኒው ቀልጦ ውሃ ይሆናል፤ መኮሮኒው ሾርባ ውስጥ ይዋኛል። አሁን ለእያንዳንዱ ተራ ሰጠችው። ሰፊ መጥበሻ በደንብ ይግላል። ካሮትና ፎሶሊያ መጀመሪያ ይገባሉ፤ ጠንካሮች ናቸውና። እነሱ ማለስለስ ሲጀምሩ ቀዩና አረንጓዴው ጣፋጭ ቃሪያ ይከተላል። ዝኩኒው ለብቻው፣ ሳይጨናነቅ፣ ጠርዙ ቡናማ እስኪሆን ቶሎ ይጠበሳል፤ ከተጨናነቀ ያልበዋል። እንደገና የሳንቃው ነገር! አተሩ መጨረሻ። ነጭ ሽንኩርት ከዘይቱ ጋር ሽታው እስኪያውድ ብቻ፤ ካረረ መራራ ነው። ከመኮሮኒው መቀቀያ ውሃ አንድ ጭልፋ ይቀመጣል፤ ምክንያቱም ያ ሙጫ ያለበት ውሃ ጥቂት ሲሆን ጠላት ሳይሆን ወዳጅ ነው፤ ዘይቱንና አትክልቱን ከመኮሮኒው ጋር ያስታርቃል። ሊቀርብ ሲል የተቀደደ በሶብላ፣ የሎሚ ጭማቂ፣ ጨው። ሶስ የለው፣ ወጥ የለው። ለዚህ ነው ከዓሣም ከምስርም ከዶሮም የሚስማማው። የሚጮኽ ነገር የለበትም።

አቆራረጡ ላይ ውሃ ልክ ሳይጠሩ ገቡ። አንድ ቀን ሳህናቸውን በሹካ እየበታተኑ «ይሄ ካሮት ሁለት መኮሮኒ ያክላል፤ ያኛው ደግሞ ግማሽ» አሉ። «ማንኪያ ላይ አይገናኙም። መገጣጠሚያው አልገጠመም።» በማግስቱ ከጥሩ እንጨት የተሠራች ትንሽ መለኪያ አመጡ። ስንጥቋ ልክ የአንድ መኮሮኒ ርዝመት ነው። «ከዚህ ያለፈም ያነሰም እዚህ ቤት አይገባም።»

«ጋሼ፣ ካሮት ነው እኮ! የበር መቃን መሰልዎት?» አለች እህት።

«የበር መቃን ቢሆን ኖሮ እንደዚህ ከቆረጥሽው በሩ አይዘጋም ነበር።»

አጉረመረመች፤ ግን ቆረጠች። እናም ሽማግሌው ልክ ነበሩ! ሁሉም አንድ ልክ ሲሆን እያንዳንዱ ማንኪያ ላይ መኮሮኒም ካሮትም ፎሶሊያም አብረው ይወጣሉ። አፍ ውስጥ ማንም ማንንም አይጠብቅም።

የሙከራው ሳንቃ ሲሞላ ውሃ ልክ በመላጊያቸው ላግ ላግ አድርገው ያጸዱታል፤ እትዬ እንደገና ከላይ ትጀምራለች። በሦስት ሳምንት ሁለት ጊዜ ተላገ።

ዓርብ ደረሰ። የሳጥኑ ምሳ በሚያብረቀርቅ መኪና መጣ። አዳራሹ ውስጥ በአንድ በኩል ሳጥኖቹ፣ በሌላው በኩል የእትዬ ትሪዎች ተደረደሩ። ሁሉም ከሁለቱም ቀመሰ። እትዬና እህቷ ወጥ ቤቱ መስኮት ኋላ ቆመው ሳህን እየቆጠሩ ነው። የመጀመሪያው ፈረቃ መልካም ነበር። ነገር ግን ሁሉም የሚጠብቀው ሰባት ተኩልን ነው።

ሁለተኛው ፈረቃ ሲገባ ቫርኒሽ ከፊት ነበር። ከኪሱ ሁለት አዲስ የጣውላ ቁራጮች አወጣ።

«ይቅርታ እትዬ። ሙያ ሙያ ነው» አለ። ከትሪው ላይ ማንኪያ ሙሉ መኮሮኒ አንስቶ በጣውላዎቹ መካከል አደረገ። በሁለት እጁ ተጫነ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ እስከ ስድሳ ቆጠረ፤ ግማሹ አዳራሽ አብሮት ቆጠረ። ከዚያ የላይኛውን ጣውላ ብቻ ይዞ ወደ ላይ አነሳ።

የታችኛው ጣውላ ወለሉ ላይ ጧ! ብሎ ወደቀ። አንዲት ፎሶሊያ ተከትላው ተንከባለለች።

«አልያዘም!» ብሎ ጮኸ ቫርኒሽ። «ጎበዝ፣ ኮላው አልያዘም!»

ይህን የመሰለ ሙገሳ በየትም ምግብ ቤት ተሰምቶ አያውቅም። ሰዉ ጠረጴዛ ደበደበ። ቫርኒሽ ሳህኑን ሁለት ጊዜ አስሞላ፤ ሁለተኛው ላይ «ይቺን ለጣውላው ካሳ» አለ። እህት ሚስማሩን ረሳችለት።

ከዚያ የመጀመሪያው ፈረቃም ተጠርቶ እጅ ወጣ። ለወጥ ቤቱ ስድሳ ስምንት። ለሳጥኑ አሥራ ሁለት።

መጋዘኑ ቀረ። ወጥ ቤቱ ወጥ ቤት ሆኖ ቆየ። ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን ሳይጠርግ ሳቀ። እትዬ ግን ዓይኗ እነዚያ አሥራ ሁለት እጆች ላይ ነበር። ቀርባ ጠየቀቻቸው። «ምን ጎደለው?»

«ኧረ ምንም አልጎደለውም እትዬ!» አለ ከመካከላቸው የሚመራቸው። አሥራ ሁለቱም ዕቃ ገጣጣሚዎች ናቸው፤ የተሠራውን ቁም ሣጥን በመኪና ጭነው በየሰው ቤት እየዞሩ የሚገጥሙ። «እኛ እኮ እዚህ የምንበላው በወር አንዴ ነው። ስድስት ሰዓት ሲሆን የሰው ቤት ደረጃ ላይ ነን። ሳጥን ይከተለናል፤ ትሪሽ አይከተለንም።»

ሰኞ ጠዋት ከውጭ የመጡ አሥራ ሁለት ሳጥኖች በእሷ በር በኩል አልፈው መኪና ላይ ሲጫኑ አየች። ይህ እህል አላስበላትም። ከወጥ ቤቷ ሳይበሉ የሚወጡ አሥራ ሁለት ልጆች! ሳንቃውን አውርዳ ለውሃ ልክ ሰጠቻቸው። ላጉት። ሲመልሱላት ወደ ብርሃን አንስተው አዩት። «እየሳሳ ነው። ቶሎ ካልተሳካልሽ ወረቀት ይሆናል።» እሷ ከላይ «ቀዝቃዛ፣ አንድ» ብላ ጻፈች።

አሁን እዚያ ላይ ናት። ከማለዳው ሁለት ሰዓት ታሽጎ፣ በመኪና ተንገጫግጮ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ቀዝቅዞ የሚበላ መኮሮኒ። እስካሁን ያወቀችው ይህ ነው፤ ሎሚው ቀድሞ ከገባ ፎሶሊያው አረንጓዴነቱን ጥሎ የወታደር ልብስ ይመስላል፤ ስለዚህ ሎሚው በትንሽ ብልቃጥ ለብቻው ይሄዳል። ዝኩኒው ውሃ ይተፋል፤ ስለዚህ ቀርቷል። መንገዱን ለማስመሰል ክዳኑ የጠበቀ ሳጥን በመሰንጠቂያው ማሽን እግር ላይ ታስሮ አራት ሰዓት ሙሉ ይንቀጠቀጣል፤ ቫርኒሽ ራሱ ነው የሚያስረው።

ትናንት ቀዝቃዛ አምስት ተከፈተ። አልተጣበቀም፤ ጣዕሙም ሸጋ ነበር። ነገር ግን እህት አንዱን ነክሳ ፊቷን አጨማደደች። «ደርቋል። ልቡ ጠንክሯል።»

እትዬም ነከሰች። እውነት ነው። በሰባት ደቂቃ የወጣው መኮሮኒ ትኩስ ሆኖ ሲጠበቅ ይለሰልሳል፤ ሲቀዘቅዝ ግን ወደ ኋላ ይጠነክራል። ነገ የሚደርስበት ሌላ ነው፤ ስለዚህ ዛሬ የሚቆረጥበትም ሌላ መሆን አለበት። ሁለቱ እህትማማቾች ተያዩ። ታናሽየዋ ናት መጀመሪያ የገባት፤ አፏን በእጇ ሸፈነች።

«እታለም፣ እንዳትዪው።»

እትዬ ግን ፊቷ ሁሉ በርቷል። ሳንቃው ላይ «ቀዝቃዛ፣ ስድስት፤ አሥር ደቂቃ» ብላ ጽፋ ጨርሳለች። ዛሬ ጠዋት ውሃው ፈልቷል፤ መኮሮኒው ገብቷል፤ ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ናቸው። እህት ማጥለያውን ይዛ «ይውጣ?» ትላለች። እትዬ አንዱን ነክሳ ራሷን ግራና ቀኝ ትነቀንቃለች። በዚህ ወጥ ቤት ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክለኛው ሰዓት፣ በሙሉ መብት፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ትላለች፦

«ትንሽ ይብሰል!»